የሚቃወመኝ ሰው ፍለጋ

ዲላ ውስጥ ከእኔ በላይ የባጃጅ ሆድ የሚያውቅ ሰው ካለ ይምጣና እንተያይ። ለጉራ አይደለም የምለው። እሺ፣ ለጉራም ነው፤ ግን ውሸት አይደለም። ወደ ጪጩ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው ጋራዤ ውስጥ ያልፈታሁት ሞተር የለም፣ ፈትቼ ያልገጠምኩትም የለም። ገጥሜው አንድ ብሎን የተረፈኝ አለ፤ እሱም ቢሆን እስከ ዛሬ ይሄዳል። ማንም አላስተማረኝም። ብየዳ ራሴን ነው ያስተማርኩት፣ ኤሌክትሪክ ራሴን፣ እንግሊዝኛም ራሴን። እንግሊዝኛውን የለቀምኩት ከመለዋወጫ ካርቶን ላይ ስለሆነ እስካሁን የምችለው ትእዛዝ ብቻ ነው፤ አጥብቅ፣ አላላ፣ ከእሳት አርቅ፣ ልጆች እንዳይነኩት። ፈረንጅ ቢመጣ ሰላም ማለት ያቅተኛል፣ ማዘዝ ግን እችላለሁ።

ፍልስፍናን ያስተማረኝ ደግሞ ምስማር ነው።

ከተማው መሀል የቆርቆሮና የምስማር ሱቅ ያለው ወዳጅ አለኝ። ከስልጤ መጥቶ እዚህ ወልዶ ከብዶ የቀረ ነጋዴ ነው። ሁለታችንም ወጣት በነበርንበት ጊዜ ምስማሩን የሚጠቀልለው በአሮጌ መጽሐፍ ገጽ ነበር። አንድ ቀን ቤቴ ገብቼ ጥቅሉን ስፈታ ዓይኔ ጽሑፉ ላይ አረፈ። ግሪክ አገር በድሮ ጊዜ አንዲት መርከብ ነበረች ይላል። ሳንቃዋ ሲበሰብስ እያነሱ በአዲስ ይተኩታል። ዛሬ አንዱን፣ ሌላ ጊዜ ሌላውን እያሉ በመጨረሻ ከድሮው ሳንቃ አንድም አልቀረም። ታዲያ ይቺ መርከብ ያችው መርከብ ናት ወይስ ሌላ ናት? ገጹ እዚህ ላይ አለቀ። መልሱ የሚቀጥለው ገጽ ላይ ነው፣ የሚቀጥለው ገጽ ደግሞ የሌላ ሰው ምስማር ተጠቅልሎበት ሄዷል።

እየሮጥኩ ተመለስኩ።

«ቀጣዩ ገጽ የታለ?»

«የምን ገጽ?»

«ምስማር የጠቀለልክበት!»

«አሁን ከገደብ ከተማ የመጣ አንድ ሰውዬ ይዞት ወጣ።»

«በየት በኩል ሄደ?»

«አንተ፣ ምስማር ነው የምትፈልገው ወረቀት?»

ከዚያ በኋላ የማልፈልገውን ምስማር ስገዛ ከረምኩ። አጥሬን ያየ ሰው ከእንጨቱ ምስማሩ ይበዛል ይለኛል። እንዲህ እያልኩ ሁሉም ነገር ከውሃ ነው የመጣው ያለውን ሰውዬ አወቅሁት፤ አንድ ወንዝ ውስጥ ሁለቴ መግባት አይቻልም ያለውን አወቅሁት፤ ገበያ መሀል ሰዉን በጥያቄ ሲያፋጥጥ ኖሮ በመጨረሻ መርዝ ያጠጡትንም አወቅሁት። ስማቸው ሁልጊዜ የተቀደደው በኩል ነው የሚሆነው። በኋላ ዩኒቨርሲቲ ስማቸውን ተምሬዋለሁ፤ ለእኔ ግን አሁንም ውሃው ሰውዬ፣ ወንዙ ሰውዬ፣ መርዙ ሰውዬ ናቸው።

የመርከቧን መልስ ግን አላገኘሁም። ስለዚህ ራሴ ሠራሁት። መለዋወጫ ከጠፋ ቀጥቅጬ አይደል የምሠራው? መልሴ ይሄ ነው፦ አንድን ነገር ያው የሚያደርገው የሚያውቀው ሰው ነው። የጨለለቅቱ ደንበኛዬ ባጃጅ ሞተሩ ተቀይሯል፣ ጎማው ተቀይሯል፣ ሸራው ተቀይሯል፣ ወንበሩ ሳይቀር ተቀይሯል። ሰውዬው ግን ሲመጣ «ባጃጄ ደረሰች?» ነው የሚለው። እሱ የኔ ናት ካለ ያችው ናት። በቃ። ይቺን ሃሳብ ከሃያ ዓመት በላይ ይዤ ዞርኩ።

ችግሩ፣ የሚቃወመኝ አጣሁ። እኔ የሠራሁትን ፍሬን ቁልቁለት ላይ ሳልሞክር ለባለቤቱ አልሰጥም። ሃሳቤን ግን የምሞክርበት ቁልቁለት የለኝም። ለደንበኛ ስነግረው «እሱስ እሺ፣ ፍሪሲዮኑ መቼ ያልቃል?» ይለኛል። ባለቤቴ በሽሮው ጨው፣ በልጆቹ ትምህርት፣ በወንድሜ ጠባይ፣ በሁሉም ትቃወመኛለች። በዚህ ብቻ «እሺ» ትለኛለች። የባለቤት እሺ ምን ማለት እንደሆነ ያገባ ያውቀዋል።

ለዚህ ነው በዚህ ዕድሜዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ዩኒቨርሲቲ የተመዘገብኩት። የጥንት ግሪክ ፍልስፍና የሚባል ኮርስ እንዳለ ስሰማ እጄን ሳልታጠብ ነው የሄድኩት። ዲግሪ አምሮኝ አይደለም። አንድ የተማረ ሰው ብድግ ብሎ «ተሳስተሃል፣ ምክንያቱም እንዲህ ነው» እንዲለኝ ነው። ልክ ከሆንኩ ልክ መሆኔን ልወቅ፤ ካልሆንኩም አለመሆኔን። ሌላ ምንም አልፈለግኩም።

የመጀመሪያ ቀን አንድ ደንበኛ አዘግይቶኝ ትምህርቱ ከተጀመረ በኋላ ደረስኩ። በሩን ቀስ አድርጌ ከፈትኩ። መምህሩ ከጎጃም የመጣ ወጣት ነው፣ የመጀመሪያ ልጄ እኩያ ቢሆን ነው። አየኝና ንግግሩን አቋርጦ፦

«ኖር!»

ክፍሉ በሙሉ ተነሳ። ወንበሩ ሁሉ ተንኳኳ።

«በእግዜር፣ ተቀመጡ፣ ኧረ ተቀመጡ» አልኩ። ምን ልበል ታዲያ?

«ከፊት ይምጡ ጋሼ። እዚህ ይሻልዎታል» ብሎ የራሱን ወንበር ሰጠኝ። እሱ ቆሞ ሲያስተምር፣ እኔ ፊቴን ወደ ተማሪው አዙሬ እንደ ሰርግ ሽማግሌ ተቀምጬ ዋልኩ። ስላይዱ ከኋላዬ ስለሆነ ውሃው ሰውዬ ሲያልፍ እንኳ አላየሁትም።

በሦስተኛው ሳምንት መርከቧ መጣች። እጄን አወጣሁና ሃሳቤን ዘረገፍኩት፤ የጨለለቅቱውን ባጃጅ ጭምር። ጨረስኩና ለድብደባው ተዘጋጀሁ።

«በጣም ትልቅ ሃሳብ ነው፣ ጋሼ» አለ መምህሩ።

«የህይወት ልምድ እኮ ነው» አለ ከጎኔ ያለው የግብርና ሠራተኛ።

ከኋላ ደግሞ ከአዲስ አበባ የመጡት ልጆች «ፋዘር ይመችህ!» ብለው አጨበጨቡ።

ምን ልደብቅ፣ ያን ቀን ደስ ብሎኛል። ጋራዥ ሄጄ ለሁሉም አወራሁ፤ ባለቤቴንም «እሺ ያልሽው ሃሳብ ተጨበጨበለት» አልኳት። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ሌላ ነገር ተናገርኩ፣ እሱም ተጨበጨበለት። በሚቀጥለውም እንደዚያው። ቀስ እያለ የሆነ ነገር ይኮረኩረኝ ጀመር። ተነስቼ የምለው ሁሉ ልክ የሚሆን ሰው ነኝ? እኔ ራሴን ያን ያህል አላምንም።

ስለዚህ ሞከርኳቸው። መርዙ ሰውዬ በሚነሳበት ቀን እጄን አወጣሁና፣ ፊቴን ኮስተር አድርጌ፦

«እንደኔ ጥናት፣ ሰውዬው የሞተው በመርዝ አይደለም። በወባ ነው።»

አንድ ሰው ቢስቅልኝ ምን ነበረበት! መምህሩ ሰሌዳውን አየ፣ እኔን አየ፣ ላቡን ጠረገ።

«እንደዚያ የሚሉም አይጠፉም፣ ጋሼ» አለ። «ሌላስ አስተያየት?»

ከፊት ያሉት ሁለቱ ሴቶች ጻፉት። በዓይኔ በብሌኑ ነው ያየሁት፣ «ወባ» ብለው ጻፉት!

መምህሩን ሲወጣ ኮሪደር ላይ ያዝኩት። «መምህር፣ በፈጠረዎት፣ አንድ ቀን ተሳስተዋል ይበሉኝ።»

«ኧረ ጋሼ! እንዴት አድርጌ? አባቴ ቢሰሙ ምን ይሉኛል?»

«አባትዎ የት ነው ያሉት?»

«ጎጃም።»

«ታዲያ ጎጃም ሆነው እዚህ የሚባለውን እንዴት ይሰማሉ?»

«ይሰማሉ። እርስዎ አያውቋቸውም።»

ተናደድኩ። በእሱ ብቻ አይደለም የተናደድኩት፤ በሽበቴም ነው። ከመጽሐፍ ቅዳጅ ፊደል ለቅሜ እዚህ ድረስ የመጣሁት የሽበት ጭብጨባ ለመቀበል ነው እንዴ? እሱንማ እድር ላይም አገኘዋለሁ፣ ያውም ከንፍሮ ጋር።

እንዲህ እየተቃጠልኩ ነው ልጅቷን ያየኋት። የባለ ምስማሩ ወዳጄ ልጅ ናት። በአዘቦት ቀን አባቷ ሱቅ ቆርቆሮ ትቆጥራለች፣ ቅዳሜ ከመጨረሻው ወንበር ሻሿን አስተካክላ ቁጭ ትላለች፣ ድምጿ ተሰምቶ አያውቅም። እኔ መርከቧን እንደገና አንስቼ ሳወራ፣ በቃ ሱስ ሆኖብኛል፣ ራሷን ነቀነቀች። በጎን። ትንሽ ብቻ።

«አንቺ!» አልኳት። «አሁን ምን አልሽ?»

«ምንም አላልኩም ጋሼ።»

«ራስሽን ነቅንቀሻል!»

«ዝንብ ነው።»

«የምን ዝንብ! ተቃውሞ ነው! ተነሺና ተናገሪ፣ ኧረ ባባትሽ!»

ተነሳች። እኔን አላየችም፣ መስኮቱን ነው የምታየው። ቀስ ብላ ጀመረች።

«አያቴ አሁን ምንም አያስታውስም። ቤቱን ራሱ ነው የሠራው፣ ድንጋዩን ራሱ ነው የተሸከመው። አሁን እዚያው ቤት ውስጥ ተቀምጦ ‹ቤቴ ውሰዱኝ› ይላል። በሩን እያየ ‹ይሄ የማን ቤት ነው?› ይለናል። ጋሼ እንዳሉት አንድን ነገር ያው የሚያደርገው የሚያውቀው ሰው ከሆነ... ቤቱ ሌላ ሆኗል ማለት ነው። ግን አንድ ድንጋይ አልተነሳም።»

«እናንተ ታውቁታላችሁ እኮ» አልኩ ቶሎ ብዬ።

«ሁላችንም ብንረሳስ? የዚያን ቀን ቤቱ ይጠፋል?»

ሃያ ዓመት የያዝኩት ነገር አንዲት ልጅ መስኮት እያየች ጣለችው። መምህሩ ማርከሩ ከእጁ ወደቀበት። የግብርናው ሰውዬ «ኧረ በስመአብ» አለ። እኔ ብድግ አልኩና በጣቴ እየጠቆምኳት ጮህኩ፦

«ቆይ! ቆይ ብቻ! ለሚቀጥለው ሳምንት አሳይሻለሁ!»

መልስ አመጣልሻለሁ ማለቴ ነው። ደስታም ንዴትም አንድ ላይ ሲመጣብኝ እንዲህ ነው የሚያደርገኝ። ያን ሳምንት ሥራ ሠራሁ ማለት አይቻልም። የአንዱን ሞተር ከፍቼ የአያቷን ቤት ሳስብ ዘይት ሳልሞላ ዘጋሁት። ተሸንፌ እንዲህ ሕያው ሆኜ አላውቅም። በውስጤ እየሰደብኳት፣ እያመሰገንኳት፣ እንደገና እየሰደብኳት ዓርብ ደረሰ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ አባቷ ጋራዤ በር ላይ ቆመ። ከጎኑ ሁለት ሽማግሌ፤ አንዱ ከመስጊድ፣ አንዱ በሰፈራችን የሚከበሩ የጌዴኦ አባት። ልጅቷ ከኋላቸው፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ። ለምን እንደመጡ ወዲያው ገባኝ።

«ወንድሜ» አለ አባቷ፣ «ይቺ ልጅ ሰው መሀል እንደደፈረችህ ሰማን። አሳይሻለሁ ማለትህንም ሰማን። አይፈረድብህም። አፉ በለን ብለን ነው የመጣነው።»

«ማን ደፈረኝ? ማንም አልደፈረኝም!»

«አየህ፣ ትልቅ ሰው ስለሆንክ ነው የምትሸፍንላት። ነይ፣ ተናገሪ።»

ወደፊት ወጣች። «አጥፍቻለሁ፣ ጋሼ። እርስዎ ነዎት ልክ። ቤቱም...» አባቷን አየችና፣ «ቤቱም ሌላ ሆኗል።»

ወገኖቼ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ያገኘሁትን አንድ ተቃውሞ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የለመንኩትን፣ በሽማግሌ አስመልሰው ሊወስዱብኝ መጡ!

«አልሆነም!» ብዬ ጮህኩ። «ቤቱ ሌላ አልሆነም! ያልሺውን መልሺ!»

አባቷ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። «ይኸው፣ ጭራሽ አልበረደለትም።»

«ይቅርታውን አልቀበልም» አልኩ፣ «ይቅርታ ከተቀበልኩ ተሳስታለች ማለት ነው። እሷ አልተሳሳተችም። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት!»

«አንተ ሽማግሌ ፊት ተሳሳትኩ ስትል እኛ ምን እንሁን?» አለ ወዳጄ፣ ከምሩ አዝኖ። «እኔ ልጄን ባለጌ አድርጌ አላሳደግኩም።»

የጌዴኦው አባት በዱላቸው መሬቱን ነካ አድርገው፦ «እሺ። በእኛ ደንብ የተበደለው ሰው ካሣ ይናገራል። ልጅቷ አጥፍታ ይሁን አይሁን እሱን ተወው። አንተ ምን ትፈልጋለህ?»

ያኔ ነው ብልጠቴ የመጣልኝ። ያው ብልጥ ነኝ፣ ይታወቃል።

«ካሣዬ ይሄ ነው» አልኩ። «ከነገ ጀምሮ ክፍል ውስጥ በተናገርኩ ቁጥር ትቃወመኝ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ወዳጄ ጭንቅላቱን ያዘ። «ወላሂ፣ ይሄ ሰውዬ የቤንዚን ሽታው አናቱ ላይ ወጥቶበታል።» ግን ካሣ ካሣ ነው፣ ተቀበሉ። ልጅቷም «እሺ» አለች። ያቺ እሺ የባለቤቴን እሺ እንደምትመስል ልብ ማለት ነበረብኝ።

በማግስቱ ክፍል ገባሁና «ዛሬ ደግሞ ብርዱ» አልኩ፣ ለወሬ።

«ብርድ አይደለም ጋሼ» አለች ከኋላ፣ የሹራቧን ቁልፍ እየቆለፈች።

«ወንዙ ሰውዬ ከመርዙ ሰውዬ በፊት ነው የኖረው።»

«አይደለም ጋሼ።»

«እንዴት አይደለም? ስላይዱ ላይ አለ!»

«አላውቅም ጋሼ። ካሣ ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እንዲህ እያለች ሳምንት አልፎ ሳምንት መጣ። እስክሪብቶ አውሺኝ ስላት «የለኝም» እያለች ታቀብለኛለች። የአዲስ አበባዎቹ ልጆች «ፋዘር፣ ካሣው እየተከፈለ ነው!» እያሉ ያላግጣሉ። በራሴ እጅ ሠርቼ በራሴ እጅ አበላሸሁት። በፊት በአክብሮት ልክ ነዎት ይሉኝ ነበር፣ አሁን በትእዛዝ ተሳስተዋል እባላለሁ። ሁለቱም ያው መታዘዝ ነው። ይሄ ከካርቶን ከተማርኩት እንግሊዝኛ በምን ተሻለ?

እኔ ግን ሥራ አላቆምኩም። የጣለችውን ሃሳብ ጋራዥ ውስጥ ስፈታው ስገጥመው ከረምኩ። በኮርሱ ማለቂያ ሁላችንም አንዳንድ ነገር እንድናቀርብ ሲባል አዲሱን ይዤ ቆምኩ። ስላይድ የለ፣ ወረቀት የለ።

«የድሮውን ትቼዋለሁ» አልኩ። «የሚያውቀው ሰው አይደለም ነገሩን ያው የሚያደርገው። ለውጡ ቀስ በቀስ ከሆነ ነው። መርከቧን በአንድ ቀን አፍርሰህ ሌላ ብትሠራ ሌላ ናት። አንድ ሳንቃ፣ ከዚያ አንድ ሳንቃ፣ እንዲህ እያልክ ከሆነ ግን መሀል ላይ የተቆረጠ ቦታ የለም። ያችው ናት።»

ተቀመጥኩና ወደ ኋላ ዞሬ «አይደለም ጋሼ» የምትለኝን ጠበቅኩ። ክፍሉ ሁሉ ዞሮ ያያታል።

«ይሄኛው ልክ ነው» አለች።

«ካሣሽስ?»

«ካሣውን ከዛሬ ጀምሮ ትቼዋለሁ ጋሼ። አባዬም ይቆጣ፣ ሽማግሌዎቹም ይምጡ። ልክ ሲሆን ልክ ነው ነው የምለው።»

ይሄ በአክብሮት አይደለም፤ ሽማግሌ የፈረደውን እያፈረሰች እኮ ነው። መሬትም መስኮትም አላየችም፣ እኔን ነው የምታየው። እኔ ግን አሁንም አልረካሁም። ለምን እንደተስማማች ማወቅ አለብኝ።

«ለምንድነው ልክ የሆነው? ምክንያትሽን ተናገሪ! ዝም ብሎ ልክ ነው የለም!»

«አያቴ በአንድ ቀን አይደለም የረሳን» አለች። «መጀመሪያ ዋጋ ረሳ። ከዚያ ሰፈሩን ረሳ። ከዚያ እኛን አንድ በአንድ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ነው የሄደው። ሰዎች ሊጠይቁት ሲመጡ ‹አሁን እሱ አይደለም፣ እሱማ ሄዷል› ይላሉ። እርስዎ እንዳሉት ከሆነ ግን መሀል ላይ የተቆረጠ ቦታ የለም። ያው አያቴ ነው።»

እንዲህ ብላ ተቀመጠች።

አሁን ስሙኝ። ጋራዤ ጓሮ አንድ ባጃጅ አለ። ባለቤቱ ጥሎት ጠፋ። ለሌላ ሰው መብራት ሲያስፈልገኝ መብራቱን ፈታሁ፣ ሌላ ጊዜ ካርቡሬተሩን፣ ሌላ ጊዜ መሪውን። ቀስ በቀስ ነው፣ አንድ በአንድ። ዛሬ የቀረው ብረቱ ብቻ ነው፣ ዶሮ ያድርበታል። እኔ የተናገርኩት ሳንቃ እየተተካ ስለምትሄድ መርከብ ነው፤ እንደ ባጃጁ፣ እንደ አያቷም፣ ሳይተካባት እየተነሳባት ብቻ ስለምትሄድ ምንም አላልኩም። የሃሳቤ ቀዳዳ ያኔውኑ፣ እሷ ሳትቀመጥ በፊት፣ ወለል ብሎ ታየኝ። ተቃውሞው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እንዴት ያለ ተቃውሞ! ኮርሱን በሙሉ ስለምነው የከረምኩት ዓይነት፣ ከነባጃጁ፣ ከነዶሮው።

መምህሩ ያን ቀን ምን እንደታየው አላውቅም፣ ደፈር ብሎ ወደ እኔ ዞረ። «ጋሼ፣ በዚህ ላይ ተቃውሞ አለዎት?»

ልጅቷን አየኋት። እስክሪብቶዋን ይዛ እየጠበቀችኝ ነው።

«የለኝም» አልኩ። «ልክ ናት።»